ሐምሌትን ስንተነትን የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

የሼክስፒርን «ሐምሌት» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉምም ይሁን በእንግሊዝኛው ያነበበ ሰው ስለ ግጭቱ ጻፍ ሲባል መጀመሪያ ገጹን ለሁለት ይከፍላል። ሐምሌት አባቱን ከገደለው አጎቱ ከንጉሡ ከክላውዲየስ ጋር ያለው ጠብ በቀኝ፣ «መኖር ወይስ አለመኖር» የሚለው ንግግሩ በግራ። ውጫዊና ውስጣዊ፣ አለቀ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። 3ኛው ገቢር፣ 3ኛ ትዕይንት ላይ ክላውዲየስ ተንበርክኮ ይጸልያል። ሐምሌት ሰይፉን መዝዞ ከኋላው ይመጣል። የአባቱን ደም ለመመለስ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ግን ማሰብ ይጀምራል፦ አሁን ብገድለው ነፍሱ ትጸድቃለች፣ አባቴ ግን ሳይናዘዝ ነው የሞተው። ሰይፉን መልሶ ይሄዳል። ያኔ ንጉሡ ይነሳና ጸሎቱ ከአፉ እንዳላለፈ ይናገራል። ምን ያድርግ? ወንድሙን ገድሎ ያገኘውን ዘውድና ንግሥቲቱን መተው አልሆነለትም። ሐምሌት ይህን ሳይሰማ ሄዷል። እንግዲህ ይህ ትዕይንት በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ውስጣዊውን ግጭት ለሐምሌት ብቻ መስጠትም ስህተት መሆኑ እዚሁ ላይ ይታያል።

ሌላው ስህተት ሐምሌትን «ወላዋይ ነው» ብሎ መዝጋት ነው። ክላውዲየስ ከሚጸልይበት ወጥቶ በቀጥታ እናቱ ክፍል ይገባል። ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ ሲሰማ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ይወጋል። የሞተው የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ ነው። ታዲያ ውልወላው የት ሄደ? ሲያስብ ይቆማል፣ ሳያስብ ይገድላል። የፖሎኒየስ ልጅ ኦፊሊያ ያበደችው፣ ወንድሟ ላኤርቲስም በጠላትነት የተነሳው በዚህ ግድያ ነው። በጸሎቱ ሰዓት ያልወረደው ሰይፍ ያለቦታው አረፈ ማለት ነው።

ላኤርቲስን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያለ እሱ ሐምሌትን ማስረዳት አልችልም። እሱም አባቱ የተገደለበት ልጅ ነው። ምን ታደርጋለህ ሲባል «ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን አርደዋለሁ» ይላል። ሐምሌት እኮ የሚጸልይ ሰው መግደል አቅቶት ነበር! ንጉሡም ይህን ችኮላ ለራሱ ይጠቀምበታል፤ ላኤርቲስ በመጨረሻ የሚሞተው ራሱ መርዝ በቀባው ሰይፍ ነው። የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስም አባቱ የተገደለበት ሦስተኛ ልጅ ነው፤ ቢያንስ በአንድ አንቀጽ ይነሳ።

የመጨረሻው ትንሽ ነው፣ ግን ያናድደኛል። «መኖር ወይስ አለመኖር» የሚለውን ሐምሌት ብቻውን ሆኖ ለራሱ የተናገረው አስመስሎ መጥቀስ። ንጉሡና ፖሎኒየስ እዚያው ተደብቀው ያደምጣሉ። ኦፊሊያም መጽሐፍ ይዛ ቅርብ ናት። እዚያ ያቆማት አባቷ ነው።