ስሙኒ፣ ሽልንግ እና ድፍን 200 ብር ባህር ዳር ላይ እንዴት ይወጣሉ

እናቴ ባለፈው ገና ሰሞን አልጋ ስር ያለውን የኒዶ ጣሳ አውጥታ «በል ይሄን ወደ ወረቀት ብር ቀይርልኝ» አለችኝ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግፈን ስንቆጥረው 212 ባለ አንድ ብር ሳንቲም፣ 148 ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) እና 96 ስሙኒ (ሃያ አምስት ሳንቲም) ሆነ፣ ድምሩ 310 ብር፣ ከጣሳው ስር የቀረውን አስር ሳንቲምና አምስት ሳንቲም ሳይጨምር። እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መስሎኝ ነበር ሶስት ቀን ፈጀብኝ። ቤታችሁ እንዲህ አይነት ጣሳ ካለ፣ ወይ ደግሞ ደሞዝ በድፍን 200 ተከፍሏችሁ ሻይ እንኳን መጠጣት ካቃታችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካሸሯን እንረዳት። ፊቷን የምታጠቁረው ገንዘቡ ገንዘብ አይደለም ብላ አይደለም፣ በሆዷ የምትጠይቀው «ይሄን ደግሞ እኔን ማን ይቀበለኛል?» ብላ ነው። ማታ ሂሳብ ታስረክባለች፣ ብዙ ቦታ ጎደሎ ከመጣ ከደሞዟ ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰው መልስ አድርጋ ልትሰጠው የማትችለውን ነገር መሳቢያዋ ውስጥ እንዲያድር አትፈልግም። ይሄን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፣ የያዛችሁትን ገንዘብ መልስ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ጋ ውሰዱት በቃ።

ባለ አንድ ብሯ ሳንቲም በጣም ትፈለጋለች። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ሂዱ። ጠዋት የሚመጣው ሰው ሁሉ 100 እና 200 ይዞ ነው የሚመጣው፣ ካሸሯ ደግሞ መሳቢያዋ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሳንቲም ይዞ የመጣ ሰው ዘመዷ ነው። አስር አስሯን ደርድራችሁ ግልጽ በሆነ ስኮች ጠቅልሏት፣ በወረቀት አትጠቅልሉ ምክንያቱም ውስጡን ካላየችው ፈታ መቁጠሯ አይቀርም፣ በስኮች ከሆነ ግን ዳር ዳሩን በጣቷ ቆጥራ አስራ ሁለት ጥቅል ብላ 120 ብሩን እዚያው ትሰጣችኋለች። እኔ 212ቱን እንደዚህ ሁለት ሱቅ አዳርሼ ጨረስኳት፣ አንደኛዋ ልጅ እንዲያውም «ነገም ካለህ አምጣልኝ» አለችኝ።

ሽልንግ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። አንድ ፋርማሲ ገብቼ ሂሳቡ 87 ከ50 ሆነ፣ ደስ ብሎኝ 80ውን በወረቀት ቀሪውን አስራ አምስት ሽልንግ አውጥቼ «ሰባት ብር ከሽልንጉን ይኸው» ስላት ልጅቷ «ሽልንግ ስትል ምን ማለትህ ነው?» አለችኝ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሶስት አመት ቢሆናት ነው፣ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው አልኳት። አንዷን አንስታ የአንበሳውን ራስ አየችው፣ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው፣ ከዛ ከውስጥ ያሉትን ትልቅ ሰውዬ «ጋሼ ይሄ ይሰራል እንዴ?» ብላ ጠየቀች፣ እሳቸውም ብቅ ብለው «ተቀበይው እንጂ ልጄ፣ እኛ በዚህ ነው ያደግነው» አሏት። ከዛ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፣ በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ «ሃምሳ ሳንቲም» ብዬ እጠራዋለሁ፣ ሁለት ሁለቱን ደግሞ አጣምሬ በብር በብር ጠረጴዛው ላይ እደረድርላታለሁ ራሷ እንዳትደምር። ሂሳቡ በ50 የሚያልቅ ቦታ ፈልጉ፣ ፋርማሲ፣ የውሃና የመብራት ቢል የሚከፈልበት ቦታ። ጠቅላላ ግዢውን በሽልንግ ለመክፈል ግን አትሞክሩ፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ካለ ደግሞ በጭራሽ።

ስሙኒ ዛሬ ለብቻዋ የምትገዛው ነገር የለም፣ አራቷ ግን አንድ ብር ናት። ብዙ ሰው ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ በር ላይ ለነዳያን እበትናታለሁ ይላል፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። እናንተ የሚቀበላችሁ ያጣችሁለትን ሳንቲም እነሱ ማን ይቀበላቸዋል? ለምጽዋት የሚሆን ዝርዝር ከፈለጋችሁ እዛው በር ላይ ካርቶን ዘርግተው ባለ ብሯን በመደብ በመደብ ከምረው የሚዘረዝሩ አሉ፣ ትንሽ ቆርጠው ነው የሚሰጡት ግን ስራቸው ነው፣ ከነሱ ውሰዱ። ስሙኒን ባንክ ውሰዷት። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ባንክ «ማሽናችን ሳንቲም አይቆጥርም ሌላ ቀን ና» ብለው መለሱኝ፣ በሶስተኛው ቀን ሌላ ባንክ ሄጄ ቀይሩልኝ ማለቱን ትቼ «እናቴ ሂሳብ ላይ አስገቡልኝ» አልኩ፣ ረቡዕ ከሰዓት ነው ሰው የለም፣ አራት አራቱን በስኮች አስሬያቸው ስለነበር 24 ጥቅል ቆጥሮ ከተረፈችው ሽልንግ ጋር አስገባልኝ። ቀይሩልኝ ካላችሁት ውለታ የጠየቃችሁት ይመስለዋል፣ አስገቡልኝ ካላችሁት ግን የየቀን ስራው ነው። ሰኞ ጠዋትና ደሞዝ የሚወጣበት ሰሞን አትሂዱ።

200ው የሳንቲም ተቃራኒ ነው፣ እሱ የማታ ገንዘብ ነው። ጠዋት ገና ያልገበየች ሻይ ሻጭ ላይ 200 መዘርጋት እሷንም ደንበኞቿንም ማስቸገር ነው፣ ዝርዝር ፍለጋ ጀበናዋን እሳት ላይ ጥላ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። ማታ ግን ሉካንዳው፣ ሀይቅ ዳር ያሉት አሳ ቤቶች፣ ትልልቅ ሱቆች መሳቢያቸው ሞልቶ ስለሚውል ይዘረዝሩላችኋል። ባጃጅ ከሆነ ደግሞ ሳትገቡ በፊት ንገሩት፣ «አያ፣ የያዝኩት 200 ነው ዝርዝር ይኖርሃል?» በሉት፣ ካለው ይወስዳችኋል ከሌለው በመንገድ ላይ ነዳጅ ወይ ሱቅ ጋ ቆም ብሎ ያዘረዝራል፣ ቀበሌ 14 ደርሳችሁ ስትወርዱ ከነገራችሁት ግን የሚፈጠረውን ጭቅጭቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እና ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ካሸሯ 200ውን ተቀብላ በሁለት እጇ ወጠር ስታደርገው፣ ወደ መብራት ከፍ ስታደርገው፣ በአውራ ጣቷ ስታሸው አትቀየሙ። ሌባ ናችሁ እያለች አይደለም፣ ፎርጅድ ከሆነ የምትከፍለው እሷ ናት። ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ አይታ ስትጨርስ ፊቷ ይፈታል። መልስ ጎድሎባት ማስቲካ ወይ ከረሜላ ልትሰጣችሁ ስትል ደግሞ ቀስ ብላችሁ «እህቴ፣ መልሱን በቴሌብር ላኪልኝ» በሏት፣ አብዛኞቹ ይልካሉ። ብር ከሰባ አምስት እንኳን ቢሆን የእናንተ ነው ጠይቁ፣ በትህትና ግን።

ጨርቅ የሆነው አምስት ብር ሌላ ጣጣ ነው። ቡና ለቀማው ስዕል ጠፍቶ፣ መሃሉ ተቀዶ፣ በስኮች ተለጥፎ ይመጣል። አሳ ከዳሩ ከወጣ በኋላ ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጡት ልጆች እጃቸው እርጥብ ነው፣ እንዲህ ያለ ብር ስትሰጧቸው እጃቸው ላይ ለሁለት ይሄዳል፣ ለነሱ ደህናውን ስጡ። ያረጀውን በአንድ ፊት አስተካክላችሁ፣ እጥፋቱን ዘርግታችሁ ለሱቅ ስጡ፣ የተቀደደውን ግን ከደህናው መሃል አትደብቁት፣ ካሸሯ ታገኘዋለች፣ ካገኘችው በኋላ የቀረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያገላበጠች ነው የምትቆጥረው። የተቀደደ የባንክ ነው። በተለይ በተለይ ሲመሽ ጉሊት ላይ ኩራዝ አብርታ ቲማቲም መድባ ለምትሸጥ እናት ጨለማን ተገን አድርጎ የተቀደደ መስጠት ነውር ነው፣ የሷ የዛሬ ትርፍ ያቺው አምስት ብር ልትሆን ትችላለች።

በጀልባ ጣና ላይ ወዳለችው ዘጌ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ከተማ ላይ ዘርዝሩ፣ 10 እና 50 ያዙ። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም በሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ ግራና ቀኝ የደንገል ታንኳ በትንሹ ሰርተው የሚሸጡ አሉ፣ አንዷን እትዬ ሁለት መቶ ዘርግቼላት ታንኳውን ከነብሬ አስታቅፋኝ «ስትመለስ ትሰጠኛለህ» አለችኝ፣ ስመለስ ገዳሙ መግቢያ ላይ ዘርዝረውልኝ ነበር ከፈልኳት፣ ግን ሁሉ ሰው ይመለሳል ማለት አይደለም እሷም ይሄን ታውቃለች።

አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር ግን እንዳትሞክሩት። መስከረም 2013 ላይ አዲሱ ብር ከ200ው ጋር ሲመጣ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሶስት ወር ነበር፣ ታህሳስ 6 ቀን አለቀ፣ ከድሮ ኮት ኪስ ወይ ከመጽሐፍ መሃል ብታገኙት ካሸርም ባንክም አይቀበላችሁም። አሜሪካ ያለች አክስት የላከችው ባለ ሁለት ዶላር ኖትም ቤታችሁ ይኖር ይሆናል፣ ጀፈርሰን ያለበት፣ ሱቅ ውስጥ ብታሳዩት ባለ ሁለት ዶላር የሚባል የለም ይሏችኋል፣ አለ፣ እዛው ሀገሩ ላይ እስከ ዛሬ የሚሰራ ገንዘብ ነው፣ ሰው ስለማያየው ነው የሚጠራጠረው። መንገድ ላይ አትመንዝሩት፣ ባንክ ጠይቁ።

ከጣሳው ስር አንዲት የወረቀት አንድ ብርም ወጥታ ነበር፣ ከሳንቲሟ በፊት የነበረችው፣ ፊቷ ላይ ልጁ ያለበት ጀርባዋ ላይ ጢስ አባይ የሚወርድበት። እናቴ እሷን ከእጄ ተቀብላ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «ይቺን አትውሰድ» ብላ መልሳ ጣሳው ውስጥ ከተተቻት።