ሐዘን ላይ ሆኖ የጓሮ ችግኝ ማፍላት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ

እናቴ ያረፈችው መጋቢት 20 ነው። ቤታችን ቡሬ አጠገብ ነው፣ የበርበሬ አገር፣ ሚያዝያ ሲገባ ሰው ሁሉ የችግኝ መደብ የሚያዘጋጅበት ሰሞን ማለት ነው። ሠልስቱ አልፎ ዳሱ ፈርሶ የእድሩ ወንበርና ድስት ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ ግቢው ጭር ሲል ነው ከባዱ፣ ያኔ ነው ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚጠፋው። እኔ ችግኝ አፈላሁ። ልቤ ስለጠና አይደለም፣ የእሷ ጓሮ ጦሙን ሲያድር ማየት ስላልቻልኩ ነው። አሁን የምጽፈው የቅርብ ሰው ቀብሮ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ነው፣ ስለዚ ከተለመደው የግብርና ምክር ትንሽ ይለያል፣ ጉልበቱም ሐሳቡም ለደከመ ሰው እንዲመች አድርጌ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ አድርጉት። እናቴ በየዓመቱ ሦስት ረጃጅም መደብ ታፈላ ነበር፣ እኔ ያዘጋጀሁት አንድ ነው፣ ወርዱ 1 ሜትር ርዝመቱ 3 ሜትር፣ አንዱን ሜትር ለበርበሬ፣ አንዱን ለጎመን፣ አንዱን ለቲማቲም። ትንሽ ይመስላል ግን 1 ካሬ ሜትር መደብ ላይ በደንብ ከተዘራ 200 ያህል የበርበሬ ችግኝ ይወጣል፣ 200 ችግኝ ደግሞ ሲተከል 40 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል፣ ለአንድ ቤት ጓሮ በቂ ነው። ሐዘን ያስረሳል፣ ቡና ጥዶ መርሳት አለ፣ በር ሳይዘጉ መውጣት አለ፣ ስለዚ ጠዋት 10 ደቂቃ ማታ 10 ደቂቃ ከሚፈልገው በላይ አትጀምሩ።

ዘሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቴ ዘር የምታስቀምጠው በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ጓዳ ውስጥ ሰቅላ ነው። ሦስት ቋጠሮ አገኘሁ፣ በርበሬ፣ ጎመንና ሽንኩርት። መቼ እንደተቋጠሩ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የሞተ ሰው ያስቀመጠውን ዘር ስታገኙ ሙሉውን አውጥታችሁ አትዝሩ፣ ግማሹን ለብቻ አስቀምጡ፣ ከዛ ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት ሞክሩት። አሞካከሩ እንዲህ ነው፣ 20 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ትደረድሩና ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ታደርጉታላችሁ፣ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ማድቤት አካባቢ ግን እሳት የማይደርስበት፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ጎመን በ3 እና በ5 ቀን መሃል ይታያል፣ በርበሬ ግን 10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ከ20ው 15 እና ከዛ በላይ ካቆጠቆጠ እንደተለመደው ዝሩት፣ 10 ያህል ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ፣ ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

የእናቴ በርበሬ 14 በቀለልኝ፣ ጎመኑ 17። ሽንኩርቱ ግን ከ20 ሁለት ብቻ። የቀብሯ ቀን ያልወጣልኝ እንባ ያን ቀን ወጣ፣ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በኋላ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት፣ የሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ ነው የሚሞተው፣ አንድ ዓመት ካለፈው በጣም ይዳከማል፣ በርበሬ 2 እና 3 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ቲማቲምና ጎመን ከዛም በላይ። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። እንደዛ ዓይነት ነገር ካጋጠማችሁ አልቅሱ፣ ከዛ የበቀሉትን ሁለቱን ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ትከሏቸው፣ እኔ ተክያቸዋለሁ።

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ እሽጉ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ለበርበሬ ማረቆ ፋና ብላችሁ ብትጠይቁ ይታወቃል፣ ለቲማቲም ሮማ። ሮዝ ወይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት የነካው ነው፣ ልጅ እንዳይቀምሰው፣ ዘርታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መደቡን ቲማቲም፣ በርበሬ ወይ ድንች ያልነበረበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸው አፈር ውስጥ ይቆያል። አፈሩ 2 እጅ ደህና አፈር፣ 1 እጅ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፣ ውስጡ እጅ ሲገባ የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ወርዱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ ከዳር ሆናችሁ ሳትረግጡት መሃል እንድትደርሱ። ከመሬት 15 ሳንቲም ያህል ከፍ አድርጉት፣ ግንቦት ላይ ዝናብ ሲመጣ ውሃ እንዳይተኛበት።

ቁፋሮውን ግን ራሳችሁ አትቆፍሩ ነው የምለው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ "ምን ልርዳሽ" ይላል፣ እኛ ደግሞ "ምንም፣ ደህና ነኝ" እንላለን፣ ሰውየውም ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ይሄዳል። ይሄንን ስጡት። አንዱ ይቆፍር፣ አንዱ ፍግ ያምጣ፣ አንዷ ደረቅ ሣር ታምጣ። ደቦ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ለአዝመራ የሚጠራ ሰው ለችግኝ መደብም ይጠራል። እኔ ጋ የመጡት ሁለት የጎረቤት ልጆች በግማሽ ቀን ጨርሰውት ቡና ጠጥተን ስለ እናቴ አወራን፣ ከሠልስቱ በኋላ ስሟ ግቢው ውስጥ የተጠራበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነበር።

ጓሮ የሌላችሁ፣ ባሕር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ታቹን በጋለ ሚስማር 6 ወይ 7 ቦታ ብሱት፣ መደብ ነው እሱም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ይበርዳል፣ በርበሬና ቲማቲም ደግሞ ብርድ ላይ አይበቅሉም ወይ ይዘገያሉ፣ ማታ ማታ ቤት አስገቧቸው። ጎመን ብርዱን ይችላል።

ስትዘሩ በጣታችሁ መስመር አውጡ፣ በመስመሮቹ መሃል 15 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲም አይብለጥ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ብትዘሩት አይጠጋጋም። አፈር ስስ አድርጋችሁ መልሱበት፣ ደረቅ ሣር አልብሱት፣ ውሃ አጠጡ። ማጠጫ ከሌላችሁ የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ ቀዳዱና ጠርሙሱን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ ዘሩን ሳያጥበው ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ከዛ መጠበቅ ነው። በርበሬ እስከ 2 ሳምንት ምንም ሳያሳይ ይቆያል፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሞተ ብሎ ለማሰብ ይቸኩላል። እኔ በ9ኛው ቀን መጠበቅ አቅቶኝ በጣቴ ጫር አደረኩት፣ ነጭ ጭራ አውጥቶ ነበር፣ ሰበርኩት። እባካችሁ አትክፈቱት። አፈሩ ከታች እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው።

ግማሽ ያህሉ ብቅ እንዳለ ሣሩን አንሱለት፣ በማታ ይሁን፣ ከዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ገርጥቶ ይቀራል። ወዲያው ግን ፀሐይ እንዳያቃጥለው 1 ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ ዳስ ሥሩለት። የእናቴ ለቅሶ ዳስ ቋሚዎች ግቢው ጥግ ተከምረው ነበር፣ ለሳምንታት ዓይኔን እያዞርኩ ነበር የማልፋቸው፣ አራቱን አወጣሁና እነሱን ነው ለመደቡ ያቆምኳቸው፣ ላዩ ላይ ሣር ጣል አደረኩበት።

ውሃ ላይ ተጠንቀቁ። እኔም ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው፣ መደቡ አጠገብ መቆም ደስ ስለሚለኝ በቃ ማጠጣቱን አላቆምም ነበር። አንድ ጠዋት ሳይ አንድ መስመር ቲማቲም ከአፈሩ ጋ ግንዱ ቀጥኖ ውሃ አዝሎ ተኝቷል። ፈንገስ ነው፣ ውሃ ሲበዛና ችግኝ ሲጠጋጋ ይመጣል፣ የወደቀው አይነሳም፣ አፈሩን ጭምር ዝቃችሁ አውጡትና አካባቢውን ለ2 ቀን ውሃ ከልክሉት። ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቡ፣ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ፣ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። መቀመጥ ችግኝ አይጎዳም።

እውነተኛ ቅጠል 2 ሲያወጣ (መጀመሪያ ከሚታዩት ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን ማለቴ ነው) አሳሱት፣ በችግኝና በችግኝ መሃል 3 ሳንቲም ይኑር። ደህና የበቀለን ነገር መንቀል በዛ ሰሞን በጣም ከብዶኝ ነበር፣ ሳሳሁለት። ካላሳሳችሁት ግን ሁሉም ይቀጭጫል። በመቀስ ከአፈሩ በላይ ቁረጡት፣ የጎረቤቱንም ሥር አይነቅልም፣ የጎመኑን ቅጠል ደግሞ ወጥ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ዶሮ ካላችሁ ዙሪያውን እሾህ አጥሩ። ጠዋት ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካገኛችሁ ሥሩን ጫር አድርጉት፣ ቆራጭ ትሉ ተጠቅልሎ እዛው አፈር ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ለቅማችሁ ግደሉት።

የአርባዋ ዕለት፣ ሚያዝያ 29፣ ለመደቡ ጊዜ እንደማይኖረኝ አውቄ ነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ንጋት ላይ ጎረቤታችን ማጠጫውን ይዛ ገባች፣ "እታለም፣ ዛሬ አንቺ እንግዳሽን አስተናግጂ፣ መደቡን እኔ አየዋለሁ" አለችኝ። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለአርባ፣ ለሙት ዓመት፣ መቃብር ለምትሄዱበት ቀን፣ ወይ ደግሞ ከአልጋ መነሳት ለሚያቅታችሁ ቀን አንድ ሰው መድቡ። በግንቦት ሙቀት ትንሽ ችግኝ 2 ቀን ሙሉ ውሃ ካጣ አለቀ።

ጎመንና ቲማቲም ከ30 እስከ 35 ቀን ለተከላ ይደርሳሉ፣ በርበሬ ከ50 እስከ 60። ከመንቀላችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን በፊት ውሃውን ቀንሱ፣ ዳሱን ቀስ በቀስ አንሱ፣ ፀሐይና ነፋስ ይልመድ። በተከላው ቀን ጠዋት መደቡን በደንብ አጠጡ፣ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከነአፈሩ አንሱት። በርበሬ በመስመር መሃል 70 ሳንቲም፣ በተክል መሃል 30፣ ቲማቲም 1 ሜትር በ30፣ ጥቅል ጎመን 60 በ40። በእኛ በኩል በርበሬውን ዝናቡ ከያዘ በኋላ ሰኔ ላይ ነው የምንተክለው። 20 ችግኝ ያህል መደቡ ላይ ትታችሁ ቆዩ፣ በሳምንቱ ያልያዘውን ቦታ ትሞሉበታላችሁ። የተረፈውን ለቅሶ ለደረሱት ሰዎች ስጡ፣ እኔ ለሦስት ቤት ደርሶልኛል።

መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ሦስት የበርበሬ ተክሎች ክር እሰሩባቸውና ፍሬያቸውን በቃሪያነቱ አትንኩት፣ ተክሉ ላይ እንዳለ በደንብ ይቅላ። ዘሩን አውጥታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ከዛ ቋጥሩት። እኔ የእሷኑ ጨርቅ ነው የተጠቀምኩት። ቋጠሮው ላይ ግን ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።