የአፓርታይድን ፋይል ስታነቡ እንዳትሸወዱ

የደቡብ አፍሪካን የአፓርታይድ ሰነዶች ማገላበጥ ስጀምር መጀመሪያ የተሸወድኩት በሕግ ስም ነው። በ1952 (እዚህ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የወጣ አንድ አዋጅ አለ፤ ርዕሱ ላይ ጥቁሮች ለመንቀሳቀስ እንዲይዙ የሚገደዱትን የይለፍ ወረቀት «ስለማስቀረት» ይላል። እኔም የዋህ፣ የይለፍ ሕጉ በዚህ ዓመት ቀረ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ውስጡን ሳነበው ለካ የተበታተኑትን ወረቀቶች ሰብስቦ በአንድ ደብተር ተክቷቸው ነው። ያንን ደብተር መጀመሪያ ጥቁር ወንዶች፣ ኋላ ደግሞ ሴቶችም በግድ እንዲይዙ ተደረገ። ሕዝቡ በንቀት «ዶምፓስ» የሚለው እሱን ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች ፕሪቶሪያ ድረስ የተሰለፉትም በሱ የተነሳ ነው። በ1959 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን «ስለማስፋፋት» የሚል አዋጅ ወጣ፤ ያደረገው ግን የነጮችን ዩኒቨርሲቲ በር ለሌላው መዝጋት ነው። ስለዚህ ርዕሱን ተዉት፤ ዝርዝሩንና ቅጣቱን አንብቡ።

ሌላው ስህተት በዛሬ ቃል መፈለግ ነው። «ጥቁር ሕዝብ» ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙም አታገኙም። መንግሥት የራሱ ቃላት ነበሩት፤ «ኔቲቭ» ይል ነበር፣ በኋላ «ባንቱ» አለ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ራሱ በ1958 ስሙን ቀይሯል። ቃላቱ ያስጠላሉ፣ ግን ፋይሉ የተቀመጠው በነሱ ነው። የቦታ ስምም እንደዚያው። ጆሃንስበርግ ያለችው ሶፊያታውን ነዋሪዎቿ ከ1955 ጀምሮ በግድ ከተነሡ በኋላ ለነጮች ተሠርታ «ትሪዮምፍ» ተባለች፤ በአፍሪካንስ ድል ማለት ነው። ድል! የድሮ ስሟ የተመለሰላት በ2006 ነው። በመሃል ያለውን ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ያንን ክፉ ስም መጻፍ ግድ ነው።

የፖሊስ ፋይል ላይ ያለ ሁሉ እውነት የሚመስለው ሰው ደግሞ አለ። በ1955 ጆሃንስበርግ አጠገብ ክሊፕታውን ላይ፣ የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች የእኩልነት ጥያቄያቸውን ያሰፈሩበት የነፃነት ቻርተር ሲጸድቅ ፖሊስ ከቦ ገባና ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ለቀመ። ከተያዙት መሃል ከወጥ ቤቱ የተነሡ ሁለት ማስታወቂያዎች ነበሩ፤ አንዱ «ሥጋ ያለው ሾርባ»፣ ሌላው «ሥጋ የሌለው ሾርባ» ይላል። እነዚህም ከዚያ በኋላ ተቃዋሚዎቹ በተከሰሱበት የአገር ክህደት ችሎት ኤግዚቢት ሆነው ቀረቡ። 156 ሰው የተከሰሰበት መዝገብ ነው፤ በ1961 ሲያልቅ አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ስለዚህ ፋይሉ ከተከሳሹ ይልቅ ስለ ከሳሹ ፍርሃት ይናገር ይሆናል። ማን ጻፈው? ለማን? ምን ሊያስፈርድበት? ይህን ሳትጠይቁ ገጽ አትግለጡ።

«ሰነዱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ አልሆነም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። አንደኛ፣ የእገዳ ትእዛዝ የተጣለበት ሰው የተናገረውን መጥቀስ በሕግ ክልክል ስለነበር ጋዜጣው ላይ ብታጡት አይግረማችሁ። ሁለተኛ፣ የተቃጠለ አለ። በ1993፣ ሥርዓቱ ሊወድቅ ሲል፣ የአገሪቱ የስለላ ድርጅት ብቻውን 44 ቶን ያህል ወረቀትና ማይክሮፊልም በብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ከቷል። ይህን ያጋለጠው ከአፓርታይድ በኋላ የሥርዓቱን በደል የመረመረው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ነው። ለዚህ ነው የቤተሰብ ደብዳቤና ያዩ ሰዎች ቃል ከመንግሥት ፋይል ጎን መቀመጥ ያለበት።

ማንዴላ በሚያዝያ 1964፣ ከጓዶቻቸው ጋር በአሻጥር በተከሰሱበት የሪቮኒያ ችሎት፣ ያደረጉትን ንግግር ስንቶቻችን «ለመሞት ዝግጁ ነኝ» የምትለውን መጨረሻዋን ብቻ እንጠቅሳለን? ሦስት ሰዓት ገደማ የፈጀ ንግግር እኮ ነው! መሃሉን ብታነቡ በ1962 አፍሪካን ሲዞሩ ድጋፍ ቃል የገቡላቸውን መሪዎች ሲዘረዝሩ አፄ ኃይለ ሥላሴን ታገኛላችሁ። ኮልፌ የወታደር ሥልጠና የወሰዱት በዚያው ዓመት ነው። የጉዞ ማስታወሻቸውም ፖሊስ እጅ ገብቶ ማስረጃ ሆኖባቸዋል፤ ፋይሉ የተረፈልን እንግዲህ በከሳሾቻቸው ትጋት ነው። እግረ መንገዴን፣ እንዳልኳችሁ እዚህ የጻፍኩት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአማርኛ ጽሑፍ 1954 ያያችሁትና እዚያ ፋይል ላይ 1962 የሚለው አንድ ዓመት ነው። ሁለት ጉዞ አድርጎ የቆጠረ ሰው አውቃለሁ።

ፎቶ ላይም ተጠንቀቁ። «ለነጮች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ሁሉ የደቡብ አፍሪካ አይደለም፤ የአሜሪካ ደቡብም ሞልቶታል። ከእንግሊዝኛው ጋር አፍሪካንስ ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከሌለበት ግን ፎቶው ከየት እንደመጣ ሳታጣሩ አትለጥፉ።

በመጨረሻ የራሳችን ጉዳይ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ አስተዳደሯ ምክንያት ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። «ከሰን ተረታን» ይባላል፣ ልክ አይደለም። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉና በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ «ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት የላቸውም» ተባለ፤ አፓርታይድ ትክክል ነው አልተባለም። ሰው ውሳኔውን ብቻ አንብቦ ይዘጋዋል፤ ሀብቱ ግን ያለው በክርክሩ ውስጥ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሰውን በዘር ለምን እንደምትለያይ በራሷ አንደበት በብዙ ጥራዝ አስረድታለች። ክርክሩ ፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ረጅም ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ጀምሩት።