ካላማዳሪ ሲገጠም የታልክ ዱቄት አጠቃቀም

አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ፈትቼ ካላማዳሪውን፣ ማለትም ከጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ላስቲክ ስስብ፣ በቁስል ላይ የቆየ ፕላስተር እንደሚነሳ እየተላቀቀ ነበር የወጣው። በአንድ በኩል ታጥፎ ስለተነፋ በእጥፋቱ መስመር ላይ ላስቲኩ ሳስቶ፣ ሁለት ጣት በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቆ ነበር። ሚስማር አልወጋውም፣ ጎማውም ጤነኛ ነበር። ካላማዳሪው የተበላሸው ሲገጠም በቦታው ተንሸራትቶ እንዲዘረጋ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረ ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ በእፍኝ የማይሞላ የታልክ ዱቄት ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ታልክ ማግኒዥየምና ሲሊኮን ያለበት ማዕድን ሲሆን፣ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 1ኛው፣ ማለትም በጥፍር የሚፋቅ እጅግ ለስላሳ ማዕድን ነው። ልስላሴው የሚመጣው እንደ ቀጫጭን ገጾች ተደራርበው በቀላሉ አንዱ በሌላው ላይ ከሚንሸራተቱ ንብርብሮች ስለተሠራ ነው። ካላማዳሪ በደረቅ ጎማ ውስጥ ሲነፋ ቀድሞ ጎማውን የነካው ክፍል እዚያው ይያዛል፤ ስለዚህ ቀሪው ክፍል ብቻውን እየተለጠጠ ክፍተቱን ለመሙላት ይገደድና ከሌላው ይሳሳል። ዱቄቱ ካለ ግን ላስቲኩ እየተንሸራተተ ውጥረቱን በዙሪያው ሁሉ ያዳርሳል። ጎማው በሚሽከረከርበት ጊዜም መሬት የሚነካው ክፍል በየዙሩ ስለሚተጣጠፍ በካላማዳሪውና በጎማው መካከል ጥቃቅን መፋተግ ይኖራል፤ ታልክ ይህን መፋተግና የሚያመጣውን ሙቀት ይቀንሳል።

ዱቄቱን ስትመርጡ ሽቶና ሌላ ቅልቅል የሌለበትን ንጹህ ታልክ ፈልጉ። ለሕፃናት የሚሸጥ ዱቄት ሁሉ ታልክ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ላይ ይጥላል፤ ለምሳሌ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የሕፃናት ዱቄቱን ከታልክ መሥራት በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በዓለም ዙሪያ አቁሞ ወደ በቆሎ ስታርች ዞሯል። ስታርች እርጥበት ሲነካው ሊጥ ይሆናል፣ ይሻግታልም፤ ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ። ዘይት፣ ግሪስ ወይም ናፍጣ ማለስለሻ ይሆናሉ ብሎ መቀባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ላስቲኩን አሳብጠው ያበሰብሱታል። የታልክ ብናኝ ለሳንባ ደግ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2024 ታልክን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በመሆኑም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነፋሻ ቦታ ላይ መሥራት ይገባል።

ዱቄት ከመነስነሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ አጽዱ፣ አድርቁም። ሚስማር ወይም የተበጠሰ ሽቦ መኖሩን በባዶ እጅ ከመዳሰስ ይልቅ ጨርቅ በዙሪያው ማስኬድ ይሻላል፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ላይ ስለት አለ ማለት ነው። በውስጥ የተለጠፈ የወረቀት ምልክት ካለም ይነሳ፣ ጫፉ ቀስ በቀስ ካላማዳሪውን ይፈገፍገዋልና። ለአዲስ ጎማ አሮጌ ካላማዳሪ አትግጠሙ፤ በአገልግሎት ብዛት ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ መታጠፉ አይቀርም፣ እጥፋትን ደግሞ የትኛውም ዱቄት አያድነውም።

አሁን ካላማዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ በጥቂቱ ንፉትና የቫልቩን ክዳን ዝጉ፤ ዱቄት ወደ ቫልቩ ከገባ አየር በደንብ አይዘጋም። ታልኩን በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ካላማዳሪውን በዙሪያው መታ መታ ማድረግና በእጅ ማዳረስ ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለጎማው ውስጥ ጥቂት ነስንሳችሁ ጎማውን እያንከባለላችሁ አዳርሱ፣ ከዚያም አዘቅዝቃችሁ እየመታችሁ የተረፈውን አራግፉ። ትክክለኛው መጠን የላስቲኩ ጥቁረት ከስሩ የሚታይበት፣ ጣት ሲያልፍበት መስመር የሚተው ስስ ሽፋን ነው። ብዙ ዱቄት ብዙ ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው፤ የተረፈው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ፣ እርጥበት ሲያገኝ እየጓጎለ ራሱ ካላማዳሪውን መፋቅ ይጀምራል። በቸርኬው (ጎማው በሚያርፍበት ብረት) እና በካላማዳሪው መካከል የሚገባው የላስቲክ መከለያ ካለም እንደዚሁ ስስ ሽፋን ያስፈልገዋል።

ጎማው ቸርኬው ላይ በሚወጣበት ጊዜ ከንፈሩን፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ጠርዙን ለማለስለስ የሚቀባው የሳሙና ውኃ ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ታልኩን ጭቃ ስለሚያደርገው፣ በጨርቅ ተነክሮ በከንፈሩ ላይ ብቻ ይቀባ። በብረት በምትፈለቅቁበት ጊዜ ካላማዳሪውን እንዳትቆነጥጡት አየሩ በጥቂቱ እንዳለ ይሁን። ከዚያ ጎማው እስኪቀመጥ ድረስ ንፉት፣ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ እንደገናም በታዘዘው ግፊት ሙሉት፤ በመጀመሪያው መነፋት ተጨማዶ የነበረው ክፍል አየሩ ሲወጣ ይላቀቅና በሁለተኛው በዱቄቱ ላይ ተንሸራትቶ ይስተካከላል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው በችኮላ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚገጠም ካላማዳሪ ጋር ሳልሠራው አላልፍም። የብረት ቀለበት ያለው የከባድ መኪና ቸርኬ ከሆነ፣ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል በብረት መከላከያ ውስጥ ካልሆነ በስተቀር አይነፋም።

ለተቀደደ ካላማዳሪ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ልጣፊው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ታልክ ካለ ማጣበቂያው ስለማይዝ ቦታው በደንብ ተፍቆ መጽዳት አለበት፤ ልጣፊው ከደረቀ በኋላ ግን የተረፈው ሙጫ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ በዙሪያው ታልክ ይነስነስበት።

ከተነዳ በኋላ በማግስቱ ግፊቱን ለኩ፣ ቫልቩንም ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪውን ይጎትታልና፣ ቫልቩ ከስሩ ሳይቀደድ አየሩን አስወጥታችሁ እንደገና አስተካክሉት።