የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዜና ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጇ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ትምህርት ከሚሰጠው የመንግሥት ኮሌጅ፣ የመጣላትን ኢሜይል ከፈተች። አራት ርዕስ ነበረው። በጀት ጸደቀ። ከዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ተፈረመ። አዲስ ህንፃ ሊጀመር ነው። የዓመቱ ምርጥ ሠራተኞች ተሸለሙ፣ ጡረታ የሚወጡትም ተመሰገኑ። «አክስቴ፣ ይሄ እኔን አይመለከተኝም አይደል?» አለችና ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩት።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አጠፋው ነበር። ቀን እየሠራሁ ማታ ነበር የምማረው። ለኮሌጅ ዜና የሚሆን ጊዜ የለኝም እል ነበር። ያ ልማድ አንድ ሙሉ ሰሚስተር አስከፍሎኛል፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በዚያ ቀን እሷን አስቀምጬ የነገርኳትን ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው።

ሁለቱን በጀት እንደ አንድ ኪስ ማየት

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም፣ ቡና ላይም። «ለህንፃ ሚሊዮን ያወጣሉ፣ ተማሪው ላይ ግን ክፍያ ይጨምራሉ።» ንዴቱ ይገባኛል። ገንዘቡ ግን ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው።

አገር ቤት መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት ይባል የለ? እዚህም እንደዚያው ነው። መደበኛው የመምህራን ደመወዝ፣ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አስጠኚ፣ ጥበቃ ነው። ካፒታሉ ህንፃ፣ ጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ላቦራቶሪ ነው። ወደ ቤታችን ስናመጣው አንዱ የወር አስቤዛ ነው፤ ሌላው ለቤት መግዣ ተብሎ የተገባ እቁብ ነው። የእቁቡን ብር ሽንኩርት አንገዛበትም።

ሜሪላንድ ውስጥ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ህንፃ ወጪን ስቴቱና ካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ይጋራሉ። የስቴቱ ድርሻ እንደ ካውንቲው አቅም ይለያያል። ካውንቲው የራሱን ድርሻ በአብዛኛው የሚያወጣው ቦንድ ሸጦ ነው፤ ዕዳውን ደግሞ በብዙ ዓመት ይከፍላል። ለህንፃ ተብሎ በቦንድ የተገኘ ገንዘብ ለመምህር ደመወዝ አይውልም። ስለዚህ ህንፃው ቢሰረዝ የናንተ ክፍያ ይቀንሳል ማለት አይደለም።

ታዲያ ህንፃና ክፍያ ጭራሽ አይገናኙም? ይገናኛሉ፤ በአብዛኛው የሚገናኙት ግን ህንፃው ከተከፈተ በኋላ ነው። አዲስ ህንፃ ጽዳት ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪውን የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከአስቤዛው ነው። ስለዚህ የህንፃ ዜና ስታነቡ «ስንት ሚሊዮን ፈጀ?» ከማለት ይልቅ «ሲከፈት ማስኬጃውን ማን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ ያነሣ ሰው በቁም ነገር ነው የሚሰማው።

«ክፍያ አልጨመረም» በሚለው ርዕስ ላይ ማቆም

ርዕሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የክሬዲቱ (ኮርስ የሚቆጠርበት መለኪያ) ዋጋ ባለበት ቆሞ የአገልግሎት፣ የቴክኖሎጂ ወይም የትራንስፖርት ክፍያው ሊጨምር ይችላል። ጨመረ ሲባልም በመቶኛው አትደንግጡ፣ አትናቁትም። በራሳችሁ ክሬዲት አባዙት። በአንድ ክሬዲት 5 ዶላር ከተጨመረ 12 ክሬዲት የሚወስድ ተማሪ በሰሚስተር 60 ዶላር ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላው የሜሪላንድ ነዋሪና ከስቴቱ ውጭ ለመጣ ሰው ሦስት የተለያየ ዋጋ ነው ያለው። ኪራይ ረከሰ ብላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሃያትስቪል ስትሻገሩ መንገዱ አጭር ነው፣ ካውንቲው ግን ተቀይሯል። ዜናው ላይ ያለው ቁጥር የየትኛው ተማሪ ዋጋ እንደሆነ ሳታዩ ቤተሰብ ውስጥ ሒሳብ አትሥሩ።

ወሳኙን ሳያውቁ በር ማንኳኳት

ይህ ብዙ ድካም ያባክናል። የፖቶማክን ወንዝ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ስንሻገር ሥርዓቱ ይለወጣል፤ እኛ ግን ሁሉንም «ዲሲ አካባቢ» ብለን አንድ ላይ እንጠራዋለን።

ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚተዳደረው ከካውንቲው፣ ከስቴቱና ከተማሪው በሚመጣ ገንዘብ ነው። የካውንቲው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። የትምህርት ክፍያውን የሚወስነው የኮሌጁ የአስተዳደር ቦርድ ነው። ከቦርዱ አባላት አንዱ ተማሪ ነው። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ አላመነችኝም፤ ራሷ ገብታ አየችው። የስቴቱ ድርሻ ደግሞ በቀድሞው የስቴት ሴናተር በጆን ኬድ ስም በሚጠራ ቀመር ይሰላል። ለስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ከሚመደበው ገንዘብ የተወሰነ በመቶ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይሰጣል። ያንን በመቶ በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ያሉ ሕግ አውጪዎች ከፍም ዝቅም ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ የአናፖሊስ ዜና የኮሌጅ ዜና ነው።

ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ግን ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያም፣ አናንዴልም፣ ውድብሪጅም ያሉት ካምፓሶች 23 ኮሌጆች ባሉት የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሥርዓት ሥር ናቸው። የትምህርት ክፍያውን የሚያጸድቀው የስቴቱ ቦርድ ነው፤ የመንግሥት ገንዘቡም በዋናነት ከስቴቱ ዋና ከተማ ከሪችመንድ ይመጣል። አሌክሳንድሪያ ያለ ወላጅ ስለ ክፍያ ሊናገር የከተማው ምክር ቤት ቢሄድ በትሕትና ይሰሙታል እንጂ መልሱ እዚያ የለም። ለስቴት ተወካዩ ቢጽፍ ይሻላል።

ነሐሴ ላይ መንቃት

ብዙዎቻችን ስለ ክፍያ የምንሰማው ለመመዝገብ ስንቀርብ ነው። ያኔ ነገሩ ካለቀ ወራት አልፎታል።

አገር ቤት የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ጁላይ 1 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 መሆኑ ነው። የአንድ ሳምንት ልዩነት ብቻ ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም። የበጀት ዓመቱ የሚጠራው ግን በሚያልቅበት ዓመት ነው። «የ2027 በጀት» ሲባል በጁላይ 2026 የሚጀምረው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ገና አንድ ዓመት ይቀራል ብሎ ይቀመጣል።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ የሥራ ማስኬጃ በጀቱን ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው እስከ ማርች 15 ነው። ምክር ቤቱ ከጁን መጀመሪያ በፊት ያጸድቃል። በመካከሉ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ አለ፤ ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ ይናገራል። የስድስት ዓመቱ የግንባታ ዕቅድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ለሁለት በሚካፈሉ ዓመታት (እንደ 2026) ጃንዋሪ ላይ ይቀርባል። ስለዚህ የበጀት ዜና የሚነበበው ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ነው። አማርኛ ካውንቲው መረጃ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ። አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

«ስምምነት ተፈረመ» ሲባል ዩኒቨርሲቲ የገባን ያህል መደሰት

የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ የሚያሳይ ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ሰዎች እጅ ይጨባበጣሉ፣ መሐል ላይ ባንዲራ። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰነዱ ግን በጣም ይለያያል።

አንዳንዱ ስምምነት እውነተኛ በር ነው። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩትን አድቫንስ የተባለ ፕሮግራም ውሰዱ። ተማሪው ኖቫ እያለ ጀምሮ ምን ኮርስ መውሰድ እንዳለበት እስከ ባችለር ድረስ ተዘርግቶለታል፤ በመንገዱ የሚመራው ሰውም ይመደብለታል። ሌላው ዓይነት ቅበላን የሚያረጋግጥ ስምምነት ነው። እዚህ ውስጥ ሁልጊዜ «ከ» የሚል ነገር አለ። ዲግሪውን ከጨረሰ፣ ነጥቡ ይህን ያህል ከሆነ፣ በጊዜው ካመለከተ። ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት የፈለጋችሁት ትምህርት ክፍል ተቀበለ ማለት አይደለም። ነርሲንግና ኮምፒዩተር ሳይንስ ብዙ ጊዜ የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ሦስተኛው ዓይነት «ወደፊት አብረን እንሠራለን» የሚል ብቻ ነው። መልካም ነገር ነው፣ ለእናንተ ግን ገና ምንም አይሰጥም።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ክሬዲት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲታችሁን ሁሉ ይቀበላል። ውጤታችሁን ስትከፍቱ ግን በደከማችሁበት ኮርስ ጎን «ኢሌክቲቭ» (በምርጫ የሚወሰድ) የሚል ቃል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ተቆጥሯል፤ ለሜጀራችሁ፣ ለዋናው የትምህርት መስካችሁ፣ ግን አልተቆጠረም። ያንኑ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ዋጋ እንደገና ትወስዳላችሁ። ይህን ያየሁበት ልጅ ሁለት ኮርስ ደግሟል። እናቱ ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ነበር የምትከፍለው። ስለዚህ የስምምነት ዜና ስታዩ ሦስት ነገር አውጡ፦ የትኛው ሜጀር፣ ስንት ነጥብ፣ ከየትኛው ሰሚስተር ጀምሮ። ዜናው ላይ ከሌለ አማካሪያችሁን በኢሜይል ጠይቁ።

ከሥራ ቦታ ጋር የሚደረገውንም አትዝለሉት። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀርመንታውን ካምፓስ ላይ በ2014 ሆሊ ክሮስ ሆስፒታል ተከፍቷል። አገሪቱ ውስጥ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ የተሠራ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው የተባለለት ነው። ይህ ሲታቀድ የነበረውን ዜና ያነበበ የጤና ተማሪ ልምምዱን ቅርብ ቦታ ሊያስብ ይችል ነበር። ከወገኖቻችን ስንቱ በጤና ሥራ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ።

የግንባታ ዜናን እንደ መሠረት ድንጋይ ማየት

አገር ቤት የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ ሣር የበቀለበት ቦታ ያላየ የለም። ስለዚህ ቁፋሮ ተጀመረ ሲባል «እስቲ ይሁና» ብለን እናልፋለን። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አካፋ ይዘው ፎቶ የሚነሡት ገንዘቡ ከጸደቀና ኮንትራክተሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ወራት ወይም ዓመታት ሊዘገይ ይችላል፤ እንዲያው የሚቀረው ግን ጥቂት ነው።

ለተማሪ ዋናው ጉዳይ በዚያ መሐል የሚሆነው ነው። የትኛው ፓርኪንግ ይዘጋል? የማታው ላቦራቶሪ ወደ የትኛው ካምፓስ ይዛወራል? አውቶቡስ የሚጠቀም ተማሪ ከታኮማ ፓርክ ወደ ሮክቪል ተዛወረ ማለት ሥራውን በሰዓቱ አይደርስም ማለት ሊሆን ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት እዩት።

እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ልንገራችሁ፦ ታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ያለው የሒሳብና የሳይንስ ህንፃ በቀድሞው የካውንቲ አስተዳዳሪ በአይዛያ ሌጌትና በባለቤታቸው በካትሪን ስም የተሰየመ ነው። ጎንደርና ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012 እህትማማች የሆኑት በሌጌት ዘመን ነው። ጎንደሬ ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ልጇን ይዛ ሄዳ ህንፃውን አሳይታዋለች።

የሠራተኛ ምስጋናውን ገጽ መዝለል

ይህ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል። የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶና የምስክር ወረቀት ነው። እኔ ግን አሁን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

አንደኛ፣ ጎበዝ መምህር ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ለሚቀጥለው ሰሚስተር ክፍል ስትመርጡ ይጠቅማል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚያስተምሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የትርፍ ሰዓት መምህራን ናቸው፤ ከሁለት ሦስት ኮሌጅ እየተሯሯጡ የሚያስተምሩ አሉ። የረዳችሁ መምህር ከእነሱ አንዱ ከሆነ ጥቆማ ሲጠየቅ ጻፉለት። አራት መስመር ይበቃል። እኛ ውለታ የማንረሳ ሕዝቦች ነን፣ ምስጋናችንን ግን በቃል ብቻ ነው የምንሰጠው። ኮሌጅ ውስጥ የሚሠራው የተጻፈው ነው።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚሄድ ይነግራችኋል። የኔ ሰሚስተር የጠፋው እዚህ ጋ ነው። ያኔ የምኖረው በሌላ ስቴት ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አገር ቤት የወሰድኩትን የኬሚስትሪ ትምህርት እንደሚቀበሉልኝ ነግረውኝ ነበር። በቃላቸው። ደግ ሰው ነበሩ። ጡረታ እንደሚወጡ የኮሌጁ ዜና ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ እኔ አላነበብኩም። መስከረም ላይ ስሄድ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አለ። «የተጻፈ ነገር አለ?» ተባልኩ። አልነበረም። ኮርሱን ከመጀመሪያው ወሰድኩ።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ስልኳን መልሳ አነሣችና ወደ ኢሜይሉ ግርጌ ወረደች። ጡረታ ከሚወጡት መካከል ሦስተኛው ስም ላይ ቆመች። ባለፈው ወር የሒሳብ ኮርሷን ጉዳይ እንደሚያስተካክሉላት የነገሯት አማካሪ ናቸው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈችላቸው፦ «ባለፈው ተገናኝተን ስለ ስታትስቲክስ ኮርሴ የነገሩኝን በጽሑፍ ቢያረጋግጡልኝ።» ሰኞ ጠዋት መልሱ መጣላት፤ አያይዘውም የተፈረመበትን ቅጽ ልከውላታል።