እሬትና ጠጅ ሳር፦ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት

መጋቢት ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ ሁለት የቀለም ባልዲዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። በአንዱ እሬት፣ በሌላው ጠጅ ሳር ተክያለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ቢጫ ሆኑ። ውሃ ጠምቷቸው መስሎኝ ሁለቱንም እኩል አጠጣኋቸው። ጠጅ ሳሩ በጥቂት ቀን ቀና አለ። እሬቱን ግን ነካ ሳደርገው ያለ ሥር ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ። የሁለቱ ተክሎች ምልክት አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። እሬት ውሃውን ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። ቀን ቀን በቅጠሉ ላይ ያሉትን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውልና አየር የሚያስገባው ማታ ነው። ውሃ እንዳይባክንበት ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጠጅ ሳር ደግሞ ስሙ እንደሚለው ሳር ነው። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ውሃ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሥሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ወዲያው ይናገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ በኋላ ምልክቱን ተመልከቱ።

የእሬት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከለሰለሰ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሥር መበስበስ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ እንደበሰለ ሙዝ ሲጫኑት የሚሰምጥ ከሆነ አትጠራጠሩ። ባልዲው ሥር ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ነው።

መፍትሄው መንቀል ነው። ሥሩን አራግፉና በደንብ እዩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጥቁር ነው፤ ያሟልጫል። ሳብ ስታደርጉት ቆዳው ተገፎ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። ሽታውም የቆየ ረግረግ ይሸታል። ያንን ሁሉ በንጹሕ ቢላ ቁረጡና ጣሉ። ከዚያ ተክሉን ጥላ ቦታ ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ድረስ አስቀምጡት። የተቆረጠው ቦታ ደርቆ ቆዳ ማበጀት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ተመልሶ ይበሰብሳል።

ስትተክሉት አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ወይም የግንባታ ሬድ አሽ ቀላቅሉ። ጥቁር አፈር ብቻውን ለእሬት አይሆንም፤ ውሃ ይይዝበታል። ከተከላችሁ በኋላም አንድ ሳምንት አታጠጡት።

ሥሩ ሙሉ በሙሉ ካለቀስ? ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ከላይኛው ክፍል ጋር ቆርጦ፣ አድርቆ መትከል ይቻላል። ከጎኑ የወጡ ልጆች ካሉት ደግሞ እነሱ ይተርፋሉ። አንድ ቅጠል ብቻ ቆርጦ መትከል ግን አያዋጣም። ከመብቀሉ በፊት ይበሰብሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም እሬትን ከጣሪያ ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ የቆመ እሬት አፈሩ ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ አይከርምም።

እሬቱ ከሳስቶ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ

አሁን በእርግጥ ጠምቶታል። በሥሩ በኩል እስኪፈስ አጠጡትና አፈሩ እስኪደርቅ ድረስ ተዉት። በበጋ ይህ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ቀላ ካለ ከቤት ድንገት ወደ ፀሐይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀስ በቀስ አለማምዱት። ቅጠሉ ቀጥኖና ረዝሞ ከተጋደመ ብርሃን አንሶታል።

የጠጅ ሳር ጫፉ ከደረቀ

አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው። በበጋ በባልዲ ያለ ጠጅ ሳር በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል። እያጠጣችሁትም ከደረቀ ባልዲውን ገልብጡና ሥሩን እዩ። ሥሩ ባልዲውን ሞልቶ አፈር የማይታይ ከሆነ ውሃው የሚቀመጥበት ቦታ የለም ማለት ነው። የሚከፈልበት ጊዜ ደርሷል። መሐሉ ሞቶ ዳር ዳሩ ብቻ ሲያቆጠቁጥም ነገሩ ያው ነው፤ አርጅቷል።

አከፋፈሉ ቀላል ነው። እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አፈሩን አራግፉና እያንዳንዱን አገዳ ትንሽ ሥር እንደያዘ ለዩት። ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ትከሉና ወዲያው አጠጡ። እሬቱ ላይ የከለከልኳችሁን እዚህ ማድረግ ግዴታ ነው። ጠጅ ሳር በጓሮ ብዙም አያብብም፤ ዘሩን መጠበቅ ትርጉም የለውም። አንድ እግር ግን ለጎረቤት ሁሉ ይተርፋል።

ውሃ እያገኘ የታችኛው ቅጠል ከገረጣ ምግብ አንሶታል። የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጨምሩለት። ቅጠሉ ላይ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ ዋግ ነው። የተያዘውን ቅጠል ቆርጣችሁ አስወግዱ፤ ውሃውንም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ አፍስሱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርድ መትቶት ቡናማ ከሆነ አትንቀሉት። ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት። ሥሩ ካልሞተ ሙቀት ሲመጣ ያቆጠቁጣል።

የጠጅ ሳር ሻይ መዓዛ ከሌለው

መዓዛው የሚመጣው ቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው። የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ሲትራል ይባላል፤ በቀላሉ ይተናል። ተክሉ ጥላ ውስጥ ካደገ ዘይቱ ያንሳል። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይበናል፣ በጥላ አድርቁት። ድስቱን ከፍታችሁ ካፈላችሁት ደግሞ መዓዛው ቤቱን ያውደዋል እንጂ ስኒው ውስጥ አይገኝም። እኔ ሦስት ቅጠል አጥቤ፣ ቋጥሬ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ከትቼ እከድነዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ለሆድ መነፋትና ለጉንፋን ብዙ ቤት ይጠጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሳታማክር አዘውትራ ባትጠጣው ጥሩ ነው።

እሬት ተቀብታችሁ ካሳከካችሁ፣ ወይም ጠጥታችሁ ሆዳችሁን ከቆረጣችሁ

ሁለቱንም ሊያመጣ የሚችለው ቢጫው ፈሳሽ ነው። እሬት ሁለት ነገር አለው። መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር አብዛኛው ውሃ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ደግሞ «እንደ እሬት መረረኝ» የምንልበት ነው። ይህ ፈሳሽ ኃይለኛ የሆድ ማስቀመጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሆድ ማስቀመጫ መድኃኒቶች ውስጥ እንዳይገባ የታገደው ደህንነቱን የሚያሳይ በቂ መረጃ ስላልቀረበ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ከእነ ልጣጩ ፈጭቶ መጠጣትን አልመክርም። ሕፃን ጡት ለማስጣል እሬት የምትቀቡ እናቶችም፣ እባካችሁ ተዉት። ሕፃኑ አፍ ውስጥ የሚገባው ይኸው ፈሳሽ ነው።

ለቆዳ ከሆነ የውጭውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ። የተቆረጠውን ወገን ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቁሙት። ቢጫው ተንጠባጥቦ ይወጣል። ከዚያ ልጣጩን አንሱና መሐሉን በውሃ አለቅልቁት። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክሩ፤ በማግሥቱ ካልቀላ መጠቀም ይቻላል።

ምጣድ ለነካው ጣት ደግሞ እሬት ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ ይፍሰስበት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ቆዳው ቀልቶ ብቻ ከቀረ ያን ጊዜ የታጠበውን እሬት ቀቡት። ውሃ ከቋጠረ፣ ፊት ላይ ከሆነ ወይም ሰፊ ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።