አንድ የአማርኛ ቃል፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል

እርስ በርስ የሚምታቱ ተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ቃላት ተብሎ የሚዞረው ዝርዝር አብዛኛው የስፔሊንግ ጉዳይ ነው። እኛን የሚያስቸግረን ግን ሌላ ነው፤ አማርኛ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ ለሁለት ሲከፍለው ነው የምንደናገረው። ስለዚህ ሁለት ቃል ሲምታታባችሁ ወደ ዲክሽነሪ ከመሮጣችሁ በፊት "ይሄን በአማርኛ ምን እለዋለሁ?" በሉ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ቃል ከሆነ፣ የተሳሳታችሁበትን ቦታ አገኛችሁት ማለት ነው።

"እስከ"ን እንውሰድ። ቢሮ ውስጥ ጉድ የሚሠራው እሱ ነው። "እስከ አርብ እልካለሁ" እና "እስከ አርብ እቆያለሁ" ስንል ለእኛ ያው እስከ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ባይ ፍራይዴይ፣ ሁለተኛው አንቲል ፍራይዴይ ነው። ለአለቃችሁ "አይ ዊል ሴንድ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይዴይ" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አርብ እስኪደርስ ሪፖርቱን ደጋግማችሁ ስትልኩ የምትከርሙ ይመስላል። መለያው ይሄ ነው፦ "እስከ አርብ"ን አውጡና "ከአርብ ሳያልፍ" ብላችሁ ተኩት። "ከአርብ ሳያልፍ እልካለሁ" ያስኬዳል፣ ስለዚህ ባይ። "ከአርብ ሳያልፍ እቆያለሁ" ግን ጆሮ ይቆረቁራል፣ እሱ አንቲል ነው።

እጅና እግርም እንዲሁ። በተለይ ውጭ አገር ሐኪም ቤት ስትሄዱ "እግሬን አመመኝ" አይበቃም። ሌግ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ፉት። አርም ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ከአንጓ ወዲያ ሃንድ። ጣትም ቢሆን የእጁ ፊንገር፣ የእግሩ ቶ ነው።

"መጣሁ" ደግሞ የብቻው ጣጣ አለው። ሲጠሩን "መጣሁ!" እንላለን፣ ወጣ ብለን ልንመለስም ስንል "መጣሁ" እንላለን። አንዱም አይ ኬም አይደለም። ለመጀመሪያው አይም ካሚንግ፣ ለሁለተኛው አይል ቢ ራይት ባክ በሉ።

አንዳንዴ ግን አማርኛው ራሱ ያግዛችኋል፣ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ። "ካን ዩ ቦሮው ሚ" የሚል ስንቱ ነው! ተዋሰና አዋሰ፣ ተበደረና አበደረ እያለን። በ"ተ" የሚጀምረው ቦሮው፣ በ"አ" የሚጀምረው ሌንድ፤ አለቀ። "አይ አም ቦሪንግ"ም እንደዚያው፣ ሰለቸኝ ልትሉ ፈልጋችሁ "እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ" ማለታችሁ ነው፣ ለሥራ ኢንተርቪው ደግሞ አይመከርም። አሰልቺ፣ አስደሳች፣ አስገራሚ የምትሉት ነገር ኢንግ ይጨምራል። ሰለቸኝ፣ ደስ አለኝ፣ ገረመኝ ስትሉ ግን ኢዲ ነው።

ሴይና ቴል ላይ የሚያሳስተን "አለኝ" ነው፤ ሰውየውን ውስጡ ይዞት ስለሚዞር "ሂ ሴድ ሚ" ያስብለናል። ቴል ሰውየውን ወዲያው ያስከትላል። ሴይ ግን መሃል ላይ ቱ ካልገባለት ሰው አይቀበልም።

የድምፅ ነገር የባሰ ነው። ደብተራቸው ላይ አነባበቡን በፊደል የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ መርከብም ሺፕ፣ በግም ሺፕ፣ መኖርም ሊቭ፣ መሄድም ሊቭ። (እኔም እዚህ በፊደል ጽፌያለሁ፣ ለመናገሪያ እንዳትጠቀሙበት።) የበጉ ረዘም ይላል፣ ከንፈርም ወደ ጎን ይለጠጣል። የመርከቡ አጭር ነው፣ አፍም ላላ ይላል፣ ወደ ሳድሳችን ጠጋ ያለ ነው። ለመፈተሽ የስልካችሁን ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩና ማይኩን ተጭናችሁ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ተናገሩት። ዓረፍተ ነገር ካላችሁት ስልኩ ገምቶ ያርምላችኋል፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚገምትበት ስለሚያንስ በአብዛኛው የሰማውን ነው የሚጽፈው።